የሚቀላውን ቲዩብ ትክክለኛ ጥፋት ላገኙልኝ ባለሙያ ምስጋና

ከድምፅ ማጉያዬ ሁለት የኃይል ቲዩቦች (ድምፁን የሚያጎሉ የቫኩም ቲዩቦች) የአንዱ ፕሌት (ከረንቱን የሚቀበለው የውስጥ ብረት) እንደ ፍም እየቀላ ለወራት አስቸግሮኛል። አስቀድሞ ያየው ጠጋኝ ቲዩቦቹን ሁለት ጊዜ አስለውጦኝ ባያሱን (ምልክት በሌለበት በቲዩቡ የሚያልፈውን ከረንት የሚወስነውን የግሪድ ቮልቴጅ) በጆሮ ግምት አስተካክሎ ስለመለሰልኝ፣ ሦስተኛ ጥንድ ልገዛ ተዘጋጅቼ ነበር። ዛሬ በአደባባይ የማመሰግናቸው ባለሙያ ግን ሳይለኩ ምንም አንለውጥም አሉኝ።

በየቲዩቡ ካቶድ (ኤሌክትሮኖች በሚወጡበት ክፍል) እና በግራውንድ መካከል የ1 ኦም ሬዚስተር በየዱ። በ1 ኦም ውስጥ 1 ሚሊአምፒር ሲያልፍ 1 ሚሊቮልት ስለሚገኝ፣ በመልቲሜትሩ የሚነበበው ሚሊቮልት እንዳለ የካቶዱ ከረንት ነው፤ ሜትሩን ከፍተኛ ቮልቴጅ ባለበት መስመር መካከል ከማስገባትም አደጋው በእጅጉ ያነሰ ነው። ሬዚስተሮቹን ከመበየዳቸው በፊት የሜትሩን ሁለት ጫፎች አገናኝተው 0.3 ኦም ማንበቡን አሳዩኝና ያንን ከልኬቱ ቀነሱ፤ 1 ኦም ለሚለካ ሰው 0.3 ቀላል ስሕተት አይደለም።

ማጉያው 15 ደቂቃ ያህል ከሞቀ በኋላ ደህናው ቲዩብ 34፣ የሚቀላው 61 ሚሊቮልት አሳየ። ከ61ዱ ላይ ወደ ፕሌቱ ሳይደርስ በስክሪኑ (በቲዩቡ ሁለተኛ ግሪድ) የሚያልፈውን 5 ሚሊአምፒር ገደማ ቀንሰው በፕሌቱ 450 ቮልት ሲያባዙት ከ25 ዋት አለፈ፤ 25 ዋት ደግሞ የኢኤል34 (የእኔ ቲዩቦች ዓይነት) ፕሌት ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው ወሰን ነው።

ከዚያም ማጉያውን አጥፍተው፣ ካፓሲተሮቹ ያከማቹትን ቻርጅ አውጥተው፣ ቲዩቦቹን አቀያየሩና እንደገና ለኩ። ትልቁ ንባብ ቲዩቡን ተከትሎ አልሄደም፤ እዚያው ሶኬት ላይ ቀረ። ለካስ ወደዚያ ሶኬት ግሪድ (የቲዩቡን ከረንት የሚቆጣጠረው ክፍል) የድምፅ ምልክት የሚያሻግረው ትንሽ ካፓሲተር ዲሲ ቮልቴጅ እያሾለከ የግሪዱን ኔጌቲቭ ባያስ ሲያዳክም ኖሯል። ሁለት ጥንድ ቲዩብ በከንቱ ገዝቻለሁ ማለት ነው።

ካፓሲተሩ ከተለወጠ በኋላ ባያሱን ሲያስተካክሉ፣ ከረንቱ ሲለወጥ የፕሌቱም ቮልቴጅ ስለሚለወጥ ሁለቱን እየተመላለሱ ለኩ። በመጨረሻ ሁለቱም ቲዩቦች 42 ሚሊቮልት አካባቢ ረጉ፤ ይህም የስክሪኑ ከረንት ሲቀነስ በአንድ ፕሌት 17 ዋት ገደማ፣ ማለትም ከወሰኑ 70 በመቶ ያልሞላ ነው። ሬዚስተሮቹንም ወደፊት ለሚለካ ሰው እንዲያገለግሉ እዚያው ተዉልኝ።

ሥራቸው ዝግ ያለ ስለሆነ ለቸኮለ ደንበኛ አልጠቁማቸውም። መታገሥ ለሚችል ግን ፈቃዳቸውን ስለጠየቅሁ ስልካቸውን በግል እልካለሁ።