ልጆቼን፣ ባለቤቴንና አማቴን አንድ ላይ እስክስታ ላስመታልን አሰልጣኝ ምስጋና (ባህር ዳር ላላችሁ ወላጆች)

ሰላም የባህር ዳር ሰዎች እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ የውዝዋዜ አሰልጣኝ ነው። ስሜን ፖስት አታድርጊው ስላለኝ አልጠራውም፣ ግን ከጣና ዳሩ የእግር መንገድ ብዙም ሳይርቅ በተከራያት አዳራሽ ቅዳሜና እሁድ ልጆችን ከነወላጆቻቸው እስክስታ የሚያስተምረውን ልጅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ለማታውቁት ደሞ ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው።

የሱ ልዩነት ወላጅን ውጪ አያስቀምጥም። ሌላ ቦታ ልጅህን ታስገባና በር ላይ ቁጭ ብለህ ስልክህን ስትነካካ ሰአቱ ያልቃል፣ እሱ ጋ ግን ገና ስትደርስ "ጫማ አውልቁና ግቡ" ነው። ባለቤቴ የመጀመሪያ ቀን "እኔ እንኳን ላደርሳቸው ነው የመጣሁት" ብሎ ሊመለስ ሲል "ወንድሜ ልጆቹ ቤት ሲሄዱ ከማን ጋር ይለማመዱ?" አለው፣ በቃ ገባ። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው።

ትልቋ ልጄ 9 አመቷ ነው፣ በጣም ዝምተኛ ልጅ ናት፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ነው የምትገባው። ያለፉት አመታት ደሞ እንደምታውቁት ልጆቻችን እንደልባቸው ወጥተው የሚጫወቱበት ጊዜ አልነበረም፣ ቤት መዋል በዛ፣ ስልክና ቲቪ በዛ፣ ትንሹ ልጄ ጉልበቱን የሚያወጣበት አጥቶ ሶፋ ላይ ሲዘል ይውላል እሷ ደሞ ጭራሽ ዝም አለች። አሰልጣኙ አንድም ቀን "ነይ መሀል ግቢ" ብሏት አያውቅም። ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ስታይ ከበሮውን አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠላትና "እህቴ አንቺ ምቱን ያዢልኝ" አላት። ከበሮ መምታት ጀመረች፣ ቀስ በቀስ ከበሮውን እየመታች ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዛማ እሷ ራሷ ተነሳች ማንም ሳይነግራት። እኔ በዛች ሰአት ዞር ብዬ ነው እንባዬን የጠረግኩት።

አሰራሩን ትንሽ ልንገራችሁ ምክንያቱም ልጅ የምትልኩ ወላጆች ይሄን ማወቅ አለባችሁ። መጀመሪያ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያፍታታል፣ ከዛ ጭብጨባ ብቻ፣ ልጁ ምቱን በእጁ ሳይይዝ ወደ ትከሻ አይሄድም። ትከሻ ደሞ አንዱን ለብቻ ሌላውን ለብቻ በጣም በዝግታ ነው የሚያስጀምረው፣ ቀጥሎ ሁለቱን ወደፊት ወደኋላ፣ ወገብ ተይዞ፣ ትንፋሹን "እስ እስ" እያሉ ከምቱ ጋር እንዲያወጡት ያደርጋል፣ ይሄ ትንፋሽ ለጌጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር ለካ ትንፋሹን የያዘ ልጅ ቶሎ ይደክማል ትከሻውም ይደርቃል። አንገት መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ትንንሾቹን በቪድዮ እንዳዩት አንገታቸውን በሀይል እንዲወረውሩ በጭራሽ አይፈቅድም። ይሄን ሳይ ነው ልቤ ሙሉ በሙሉ ያረፈው።

ሙዚቃውም በስፒከር የሚያደነቁር አይደለም፣ ከበሮና አንዳንዴ ማሲንቆ የሚይዝ ጓደኛው ይመጣል። ልጆቹ ማሲንቆው አንድ ክር ብቻ እንዳለው ሲያዩ እንዴት እንደሚገረሙ ብታዩ!

ስለ አማቴ ሳልናገር ይሄ ጽሁፍ አያልቅም። አማቴ ከመራዊ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው ያደጉት፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አንድ ቀን ልጆቹን ለማየት ብለው አብረውን መጡ። ወንበር ሰጣቸውና "እማማ ድሮ እናንተ ጋ እንዴት ነበር የሚመታው እስቲ ያሳዩን" አላቸው። ሳቅ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉና ቁጭ እንዳሉ ትከሻቸውን አወረዱት፣ አዳራሹ ቀጥ አለ፣ ከዛ እልልታው! የጎጃም ትከሻ ማለት እሱ ነው። እስክስታ እግር ከሚጠይቅ ዳንስ የሚለየው እኮ ይሄ ነው፣ ዋናው ስራ ያለው ትከሻ ደረትና አንገት ላይ ስለሆነ ቁጭ ብሎም ይመታል፣ ስለዚህ ጉልበት የሚያማቸው አያት፣ ዊልቸር ላይ ያለ ልጅ፣ ነፍሰጡር እናት ሁሉም እኩል ይገባበታል። አሁን አማቴ ቋሚ ተማሪ ናቸው ልበል ቋሚ አስተማሪ፣ ልጆቹ ከሳቸው ያልተማሩት የለም፣ ማታ ቤት ውስጥ ሳይቀር አያትና የልጅ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ትከሻ ለትከሻ ሲወራረዱ ማየት ለኔ ከምንም በላይ ነው። ከዚህ በፊት ሰላምታ ተለዋውጠው እሳቸው ወደ ጸሎታቸው ልጆቹ ወደ ስልካቸው ነበር።

"ጭፈራ ደሞ ምን ይጠቅማል ትምህርታቸውን አያዘናጋም ወይ" የምትሉ ስላላችሁ (ጎረቤቶቼም ብለውኛል) ይሄንንም ልበል። የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 አመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ይላል፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደሞ አጥንትና ጡንቻ የሚያጠነክር። ለኛ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ነው፣ ከ65 አመት በላይ ላሉት ደሞ እንዳይወድቁ ሚዛን የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ይጨመራል። ታዲያ እኛ መስሪያ ቤት ቁጭ ብለን ውለን ባጃጅ ይዘን ቤት የምንገባ ሰዎች ይሄን ከየት እናመጣዋለን? ጂም ሁሉም ሰው አይችልም፣ ብቻውን መሮጥ ደሞ ቶሎ ይሰለቻል። ጭፈራ ግን ልጁ ስፖርት እየሰራ መሆኑን እንኳ አያውቀውም፣ ይዘላል መሬት ይመታል ያልበዋል፣ የእርምጃውን ተራ ሲያስታውስ ጭንቅላቱ ይሰራል፣ ከጎኑ ያለውን እያየ አብሮ መነሳትና አብሮ ማቆም ይለምዳል። እኔ ቤት በግልፅ ያየሁት እንቅልፍ ነው፣ ትንሹ ቅዳሜና እሁድ ማታ ሳይነታረክ ነው የሚተኛው፣ የትልቋ አስተማሪም እጇን እያወጣች መመለስ ጀምራለች ብላኛለች።

ሌላ ያስደሰተኝ ነገር የሰው እምነት ማክበሩ። አብይ ጾም ላይ ዘፈን አያስከፍትም፣ የሚመጣ ካለ ሰውነት ማፍታታትና ጨዋታ ብቻ ነው የሚያሰራው፣ ሙስሊም ወላጆችም አሉ በረመዳን ሰአቱን ያመቻችላቸዋል። የጎጃሙን ብቻ ሳይሆን የጎንደሩን የወሎውን የአገውኛውንም ያሳያቸዋል። በጥምቀት ታቦት ስናጅብ ልጆቼ ከሰፈር ወጣቶች ጋር ሆ እያሉ ሲጨፍሩ አባታቸውም መሀል ገብቶ ነበር፣ ድሮ ዳር ቆሞ ፎቶ ነበር የሚያነሳው። አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ ለሽርሽር ስንሄድም ትንሹ መንገዱን በትከሻው ነው የሚጨርሰው በቃ።

ለመምጣት ለምታስቡ፦ የሀበሻ ልብስ መግዛት አያስፈልግም፣ እኔም ቀሚስ ላሰፋ ብዬ ጠይቄው "ቱታ ይበቃል ገንዘብሽን አታውጪ" ነው ያለኝ። ውሀ ያዙላቸው። ቁርስ ከበዛ ይከብዳቸዋል ቀለል ይበል። ክፍያው መካከለኛ ነው፣ ወንድምና እህት ሲሆኑ ይቀንሳል፣ ወላጅና አያት ደሞ አይከፍሉም። የማይችል ቤተሰብ እንዳለም አውቃለሁ፣ እሱን ለብቻው ጠርቶ እንዴት እንደሚያስተናግደው አይቻለሁ፣ ዝርዝሩን ግን እሱ ስለማይወደው ልተወው።

ወንድሜ ይሄን ካነበብከው እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እድሜና ጤና ይስጥህ፣ እማማም መርቀውሀል።

የትንንሾቹ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰአት ነው፣ አዳራሿ ጠባብ ስለሆነች ቶሎ ትሞላለች ቀደም በሉ። ስልኩን ለሚፈልግ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ ለወላጆች እንድሰጥ ፈቅዶልኛል።