«የሲኒማ ፕሮሰሰር» ሲሏችሁ ጀርባውን ሳታዩ ብር እንዳታወጡ

ቤተሰብ፣ ሳሎናችሁን ሲኒማ ቤት ለማድረግ ያሰባችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሱና ይህን አንብቡ። እኔ 46 ሺህ ብር ተበልቻለሁ። የሻጩን ስም አልጽፍም። ብጽፈው ነገ በሌላ ስም ይከፍታል፤ የሚጠቅማችሁ ዘዴውን ማወቅ ነው።

የባለቤቴ ወንድም ወደ ካናዳ ሲሄድ አምስት ስፒከርና አንድ ዉፈር ትቶልን ነበር። አምፕሊፋየሩ ግን ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ስፒከሮቹም ሁለት ዓመት ሙሉ የአበባ ማስቀመጫ ሆነው ኖሩ። ግንቦት ላይ አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ አየሁ፦ «የሲኒማ ሳውንድ ፕሮሰሰር፣ ከአሜሪካ የገባ፣ 7.1፣ አትሞስ የሚያጫውት፣ ንጹህ ዕቃ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር።» 7.1 ማለት ሰባት ስፒከርና አንድ ዉፈር ነው፤ አትሞስ ደግሞ ድምፁ ከጣሪያ በኩልም እንዲመጣ የሚያደርግ የዶልቢ ስልት። ፎቶው ላይ ጥቁር ብረት፣ ትልቅ የድምፅ መዘውርና ሰማያዊ መብራት ይታያል። ከፊት ለፊት ብቻ ነው የተነሳው። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ሰውዬው የሚሸጠው መገናኛ አካባቢ ከቤቱ ነው። ቡና አስፈላልኝ፤ «ወንድሜ» እያለ ሶፋው መሃል አስቀመጠኝና ዩቲዩብ ላይ የሄሊኮፕተር ቪዲዮ ከፈተ። የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ከፊትም፣ ከኋላም፣ ከጎንም ድምፅ መጣ። ከጠረጴዛው ስር ሁለት ጥቁር ሣጥኖች አይቼ «እነዚህስ ምንድን ናቸው?» አልኩት። «ስታብላይዘር ናቸዋ፣ የአገራችንን መብራት ታውቀው የለ» አለኝ። ለዚህ ምን መልስ አለው? እዚያው ቁጭ ብዬ በቴሌብር ላክሁለት። ደረሰኝ የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ።

ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ፈንዲሻቸውን ይዘው ተደርድረው ተቀምጠዋል። እኔ የስፒከሩን ሽቦ በጥርሴ ልጬ፣ ዕቃውን አዞርኩት። ክብ ክብ ቀዳዳዎች በሁለት ረድፍ አሉ። ሦስት ሦስት ቀዳዳ ያላቸው ትላልቅ መሰኪያዎችም አሉ። ቀይና ጥቁር የሽቦ መያዣ ግን የለም። አንድም! ባትሪ አብርቼ ፈለግሁ፣ ከስርም አየሁ። ትንሹ ልጄ «ባባ፣ በየት ነው የሚገባው?» ሲለኝ የምመልስለት አጣሁ።

ደወልኩለት። «ወንድሜ፣ ፕሮሰሰር ነው ያልኩህ እኮ! አምፕሊፋየሩ ለብቻው ነው። ከፈለግክ በ40 ሺህ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ያ አምፕሊፋየር ከጠረጴዛው ስር «ስታብላይዘር» ተብሎ የነበረው ሣጥን ነው።

የሚያናድደው፣ ስሙን በትክክል ነው የጠራው። ፕሮሰሰር የሚባለው ዕቃ ከቴሌቪዥን ወይም ከማጫወቻ የመጣውን ድምፅ ፈትቶ ይህ ለፊት፣ ይህ ለኋላ፣ ይህ ለዉፈር እያለ ይከፋፍላል። የሚያወጣው ግን ስፒከር የማይነዳ ደካማ ምልክት ነው። ምልክቱን አጉልቶ ስፒከሩን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ አምፕሊፋየር ያስፈልጋል፤ ለአምስት ስፒከር አምስት ቻናል፣ ለሰባት ሰባት። ሁለቱን በአንድ ሣጥን የያዘው ዕቃ ኤቪ ሪሲቨር ይባላል። ለአብዛኞቻችን ሳሎን የሚሆነውም እሱ ነው። እኛ ዘንድ «ሪሲቨር» ሲባል የዲሹ ነው የሚታሰበው፤ ሱቅ ገብታችሁ በደፈናው ሪሲቨር ብትሉ የዲሽ ሪሲቨር ነው የሚያወጡላችሁ። አሳሳቾቹም በዚህ ክፍተት ነው የሚገቡት። «ይሄ ከሪሲቨር ይበልጣል፣ ፕሮሰሰር ነው» ሲሏችሁ ትልቅ ነገር ይመስላል። ለብቻው አምፕሊፋየር ላለውና ገንዘብ ለተረፈው ሰው በእርግጥ ይበልጥ ይሆናል። ለእኔ ግን ሞተር የሌለው መኪና ነው የሆነብኝ።

በማግስቱ ሰፈራችን ካሉት፣ ከቴፕ ዘመን ጀምሮ ከሚጠግኑት ጋሼ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። የፊቱን መዘውር ዞር ብለውም አላዩትም። መነጽራቸውን አድርገው በቀጥታ ጀርባውን አዞሩና ጣታቸውን አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ላይ አሳረፉ። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 50 ዋት ይላል። «ሰክተኸዋል?» አሉኝ። አልሰካሁትም ነበር። አሁን ያሉት ዲቫይደሮች ጠፍጣፋውንም ክቡንም ይቀበላሉ፤ የስፒከሩ ሽቦ መግቢያ ቢያገኝ ኖሮ ቀጣዩ ሥራዬ መሰካት ነበር። የእኛ ኮረንቲ 220 ነው፣ ያኔ ጭሱን ነበር የምናየው። ያ የጎደለው መያዣ ነው ዕቃውን ከመቃጠል ያተረፈው። ሁለተኛው «ስታብላይዘር» ደግሞ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር እንደነበረ ያኔ ገባኝ።

ስለ ቮልቱ ጋሼ ያሉኝን ልንገራችሁ፣ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚገባ ዕቃ ብዙ ነውና። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ካለ ችግር የለውም። አንዳንዱ የቮልት መቀየሪያ ማብሪያ ይኖረዋል። 120 ብቻ ካለ ማውረጃ ትራንስፎርመር ግድ ነው። ከጃፓን የመጣ ከሆነ 100 ነው የሚለው፤ ለሱ የአሜሪካው ማውረጃም ይበዛበታል። እንደኔ 50 ዋት ለሚበላ ፕሮሰሰር የ200 ዋት ትራንስፎርመር ይበቃል። ከ500 ዋት በላይ ለሚበላ ኤቪ ሪሲቨር ግን የ1,000 ዋትና ከዚያ በላይ የሆነ ያስፈልጋል፤ እሱ ከባድ ነው፣ ይሞቃል፣ ፊልሙ ጸጥ ሲል እምም ሲል ትሰሙታላችሁ። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር በኛ 50 ኸርዝ ሲሠራ የበለጠ እንደሚሞቅም አትርሱ። ዋጋ ስትከራከሩ ይህን ሁሉ ደምሩበት።

«አትሞስ»ስ? ጀርባው ላይ የተሠራበት ዓመት ተለጥፏል፦ 2007። ዶልቢ አትሞስ ሲኒማ ቤት የገባው በፈረንጅ 2012 ነው፤ ለቤት ዕቃ ገበያ ላይ የዋለው በ2014 መጨረሻ ገደማ። ያ በእኛ አቆጣጠር 2007 ነው፤ ሻጩ በኢትዮጵያ ዘመን ቆጥሮት ከሆነ እንግዲህ ይቅር እንበለው! ቀልዱን ትተን፣ አትሞስ ያለው ፊልም በድሮ ዕቃም ድምፅ ያወጣል። ፋይሉ ለድሮ ዕቃ የሚሆን ተራ 5.1 ወይም 7.1 አብሮ ይዟልና። «ያጫውታል» ሲሉ ይህን ይዘው ነው። ከጣሪያ በኩል የሚመጣው ድምፅ ግን አይኖርም፣ አትሞስ የሚያሰኘውም እሱ ነው። ቁጥሩም ይነግራችኋል። 5.1.2 ከተባለ የመጨረሻው 2 የላይኞቹ ስፒከሮች ናቸው። 7.1 ብቻ ከተባለ የላይኛው አልተጠቀሰም።

እዚያ ቤት ሳለሁ የነዘረኝ ነገር ምን እንደነበረም ደረስኩበት። ከእነዚህ ዕቃዎች ብዙዎቹ አንዱን የስቴሪዮ ድምፅ በሁሉም ስፒከር የሚለቅ ምርጫ አላቸው፤ «ኦል ቻናል ስቴሪዮ» ይሉታል። ለድግስ ጥሩ ነው። ሄሊኮፕተሩ ግን ከኋላ ወደፊት አልበረረም፣ በየቦታው አንድ ዓይነት ሄሊኮፕተር ነበር። በዚያ ላይ ዩቲዩብ አትሞስ አይልክም፤ «አትሞስ ቴስት» የሚል ርዕስ ያለው ቪዲዮ ርዕሱ ብቻ ነው። እናንተ ስትሄዱ የስፒከር መፈተሻ ቃናውን አስከፍቱ። ሺሺ የሚል ድምፅ ከአንዱ ስፒከር ወደ ሌላው ተራ በተራ መሄድ አለበት። ሁለቱ በአንዴ ካወሩ ወይም አንዱ ከዘለለ፣ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ተነሱ።

የምስሉ ገመድ ላይም አትቸኩሉ። የድሮ ኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ አብሮ የሚያስተላልፈው መሰኪያ) ያለው ዕቃ ፎርኬ (4K) ማጫወቻና ፎርኬ ቴሌቪዥን መሃል ሲገባ ምስሉ ይጠፋል ወይም ዝቅ ይላል፤ ኤችዲሲፒ 2.2 የሚባለውን መቆለፊያ ካላወቀ አያሳልፍም። ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ለመሳብ «አርክ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መሰኪያ ፈልጉ። ከቴሌቪዥን መተግበሪያ የሚመጣውን አትሞስ ይችለዋል፤ ለብሉ ሬይ ዲስክ ሙሉ ድምፅ ግን «ኢአርክ» ነው የሚያስፈልገው። ኦፕቲካል የሚባለው፣ ድምፁን በብርሃን የሚወስደው ገመድ፣ ከ5.1 አያልፍም። እውነቱን ለመናገር፣ ለዲሽና ለአብዛኛው የአገር ውስጥ ድራማ ኦፕቲካሉ ከበቂ በላይ ነው።

በፈረንጅ 2020 ስለወጡት ኤቪ ሪሲቨሮች ደግሞ አንድ ነገር፣ አሁን ያገለገሉ ሆነው የሚመጡት እነሱ ናቸውና። የዚያ ዓመት አንዳንድ የዴኖን፣ የማራንዝና የያማሃ ኤቪ ሪሲቨሮች የኤችዲኤምአይ 2.1 ቺፕ ጉድለት ነበረበት፤ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ከሚባለው የጌም ማጫወቻ የሚመጣውን ፎርኬ 120 ኸርዝ አያሳልፍም ነበር። ዴኖንና ማራንዝ ኤስፒኬ618 የሚባል አስማሚ በነጻ ሰጥተዋል፣ ያማሃ ቦርዱን ቀይሯል። ጌም ለማይጫወት ሰው ምንም አይደለም። የሚጫወት ልጅ ካላችሁ ግን ጠይቁ።

በካርቶን የሚሸጡት «12,000 ዋት» ሆም ቲያትሮች? ጀርባቸው ላይ የሚበሉት 60 ዋት ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሌላ ምን ልበላችሁ።

ሻጩ ጋ ተመልሼ ነበር። ስልክ አያነሳም፣ ቴሌግራም ላይ ብሎክ አድርጎኛል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813/2006፣ ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ አሳሳች ማስታወቂያም ይከለክላል። እኔ ግን በእጄ ያለው የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው፣ እሱም ስለ ምን ዕቃ እንደሆነ አይናገርም። ቢያንስ ብር ስትልኩ ምክንያቱ ላይ የዕቃውን ስምና ሞዴል ጻፉ። ማስታወቂያውንም ከመክፈላችሁ በፊት ስክሪንሾት አንሱት፣ የኔው ከቻናሉ ተሰርዟል።

ጋሼ ትንሽ ማውረጃ ትራንስፎርመር ፈልገውልኝ፣ ከዘመድ የተዋስኩትን ባለ ሁለት ቻናል አምፕሊፋየር አገናኝተውልኛል። ይሠራል፤ ድምፁም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ያምራል። የፊቶቹ ሁለቱ ስፒከሮች ይጮኻሉ፣ ሦስቱ አበባቸውን ተሸክመው ቆመዋል።

ትናንት ማታ ያው ማስታወቂያ በሌላ ቻናል ወጥቷል። ዕቃው ሌላ ነው፣ ሰማያዊው መብራት ግን ያው፣ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ያው፣ አሁንም ከፊት ለፊት። ፎቶውን በጣታችሁ ብታሰፉት ከጠረጴዛው ስር የአንደኛው ጥቁር ሣጥን ጥግ ይታያል።