ወይን ወይስ ጠጅ? ከጅማ ለጥንዶች የሁለት ሌሊት ጉዞ፦ ባቱ፣ ቦንጋ፣ አጋሮ

የጋብቻችን ዓመት ሲቃረብ ባለቤቴ "ዘንድሮ ወይን የሚበቅልበት አገር ውሰደኝ" አለችኝ። በእኛ አገር ይህ ጥያቄ ብዙ ምርጫ የለውም። መልሱ ባቱ ነው፤ ብዙዎቻችን ዛሬም ዝዋይ የምንላት። ችግሩ የምንኖረው አዲስ አበባ ሳይሆን ጅማ መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት ባቱንም ቦንጋንም በተለያየ ጊዜ ሞክረናቸዋል፤ ልዩነታቸውን እንደሚከተለው አይቼዋለሁ።

ከመንገዱ እንጀምር፤ ውሳኔውን የሚወስነው እሱ ነውና። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ባቱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ በሞጆ በኩል ያለው የፍጥነት መንገድም አቅልሎታል። ከጅማ ሲሆን ግን መጀመሪያ አዲስ አበባ ለመድረስ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር አለ። ዓርብ ከሥራ ወጥቶ በመኪና የተነሳ ሰው ቅዳሜን መንገድ ላይ ያሳልፋል፣ እሑድን ደግሞ መመለሻውን እያሰበ። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ግን ከቦሌ በኋላ መኪና መከራየት ግድ ነው። ስለዚህ ባቱን ቢያንስ ለሦስት ሌሊት ካልሆነ አታስቧት።

ቦንጋ ከጅማ መቶ ኪሎ ሜትር ከትንሽ ብትርቅ ነው፤ መንገዱም አስፋልት ነው። ሰቃን፣ ሸቤን አልፎ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል፤ ሙቀቱ መስኮት ያስከፍታል። ከዚያ ወደ ጊምቦ ሲወጣ ጫካው ከግራና ከቀኝ ይገጥማል፣ ብርዱም ይመለሳል። ለእኔ ሽርሽሩ የሚጀምረው እዚያ ዳገት ላይ ነው። ዓርብ ከሰዓት ተነስቶ ለእራት ይደረሳል።

እዚያ ደርሶስ ምን አለ? ባቱ ላይ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የወይን እርሻና መጥመቂያ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ለገበያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ይተክላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኑ ቀኑ ሞቃት ቢሆንም ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ለወይን ፍሬ ይህ ጥሩ ነው። እርሻውን ከጉማሬና ከዘንዶ ለመጠበቅ ዙሪያውን ቦይ መቆፈሩ በጣም አስገርሞኛል። ወይን ላልለመደ ሰው ለስለስና ጣፈጥ ያለው አካሲያ ይቀላል፤ ሪፍት ቫሊ የሚባለው ስኳር ስለሌለው መጀመሪያ አፍ ይይዛል፣ ከሥጋ ጋር ግን እሱን ነው የምመርጠው። ልብ በሉ፦ እርሻው እንደ መናፈሻ ገብተው የሚንሸራሸሩበት አይደለም። ቀድሞ ጠይቆ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ በር ላይ ደርሶ መመለስ ለፍቅር ጉዞ ጥሩ አይደለም።

ደግነቱ ባቱ ወይን ብቻ አይደለችም። ሐይቁ አምስት ደሴቶች አሉት፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚያ ተቀምጣ ነበር ይባላል፤ የዛይ ሕዝብም ኑሮው በደሴቶቹና በሐይቁ ዳርቻ ነው። ጀልባውን ጠዋት ያዙ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ውሃውን ያናውጠዋል። ወደብ ላይ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ትኩሱን ይጠበሳል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም የዓሣ ሆድቃ ለመልቀም እንደ ደንበኛ ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

ቦንጋ ወይን የላትም፤ ማር ግን አላት። ጌተም ከሚባለው ዛፍ አበባ የሚገኘው ነጭ ማር፣ ዛፍ ላይ የተሰቀሉት ቀፎዎች፣ በብርሌ የሚቀርበው ጠጅ። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ ቡናው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ ታገኙታላችሁ። ወደ ባርታ ፏፏቴ በእግር ስትወርዱ ጭቃ የማይፈራ ጫማ አድርጉ። ዝናቡ ከሌላው አካባቢ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ብትሄዱ ይሻላል። ማረፊያው ላይ ግን ባቱ ትበልጣለች። ቦንጋ ያረፍንበት ቤት "ሙቅ ውሃ አለ" ብሎን በባልዲ ነው ያመጣልን፤ መብራትም ሁለት ጊዜ ጠፍቷል። እኔ ተናደድኩ፣ ባለቤቴ ሻማውን ወደደችው።

አልኮል የማይቀምሱ ጥንዶች ጅማ ውስጥ ብዙ ናቸው። ለእነሱ ሁለቱንም ትቼ አጋሮን እላለሁ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ማደርም አያስፈልግም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት ቡናው ሲለቀም ይታያል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የበልግ ዝናብ ጠብ ካለ በኋላ ቡናው የሚያብብባቸው ጥቂት ቀናት ናቸው፤ ማሳው ነጭ ሆኖ ሽታው መኪና ውስጥ ይገባል። ቀኑን አስቀድሞ መቁረጥ ስለማይቻል እዚያ አካባቢ የሚያውቁት ሰው ይኑርዎት።

እኛ ሁለት ሌሊት ብቻ ሲኖረን አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው፦ ወይኑን ከጅማ ገዝተን ወደ ቦንጋ እንሄዳለን። ጾም አለመሆኑን ቀድመን እናያለን፤ አንዴ ዓርብ መሆኑን ዘንግተን ጥብሱ ለእሑድ ተላልፏል። የቡሽ መክፈቻም ያዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሄድ ረስተነው ቡሹን በማንኪያ እጀታ ወደ ውስጥ ገፋሁት፤ የዓመቱን መታሰቢያ ከነቡሽ ፍርፋሪው ጠጣነው።