ለአሮጌ የአደን ጠብመንጃ የገዛኋት ማጉያ

ተጣጥፋ ኪስ የምትገባ፣ መብራት ያላት የብረት ማጉያ ናት። አዳማ ገበያ አካባቢ፣ የሰዓትና የወርቅ ሠሪ ዕቃ ከሚሸጥ ጠባብ ሱቅ ነው የገዛኋት። ዋጋዋ ሁለት ሰው ጥሬ ሥጋ በልቶ ከሚከፍለው ያንሳል። እኔ የፈለግኋት ግን ለሰዓትም ለወርቅም አይደለም። አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠብመንጃ ላይ የተመታውን ምልክት ለማንበብ ነው። ለዚህ ሥራ በጣም ወድጃታለሁ። ቅሬታም አለኝ፣ እሱንም እነግራችኋለሁ።

የብረት ሥራ አስተማሪ ነኝ። የአሮጌ ሾትገን ፍቅር የመጣብኝ በአጎቴ በኩል ነው። ዘመድ ወዳጁ ይህን ስለሚያውቅ «እስኪ እዪልኝ» እያለ ይጠራኛል። እኔም መጀመሪያ የማየው ፈቃዱን ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ጠብመንጃ ያለ ፈቃድ አይያዝም። ቀጥሎ ባለቤቱ ራሱ ከፍቶ ሁለቱም ቱቦ ባዶ መሆኑን ያሳየኛል። ከዚያ በኋላ ነው ማጉያዋ የምትወጣው።

የአጎቴን ልንገራችሁ። ከአባታቸው የወረሱት ነው። ጥይቱን የሚያስተኩሱት ሁለት መዶሻዎች ከውጭ ቆመውበታል። በሁለቱ ቱቦዎች መሃል፣ ከላይ፣ «ደብልዩ ሪቻርድስ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ተቀርጾበታል። በዚህ ጽሑፍ የተነሳ ቤተሰቡ በሙሉ «የእንግሊዝ ነው» ሲል ኖሯል። ዌስትሊ ሪቻርድስ የሚባል ትልቅ የበርሚንግሃም ጠብመንጃ ሠሪ ስላለ ሰው ቢያምን አይገርምም። ነገር ግን የቤልጅግ ሠሪዎች ለውጭ ገበያ በሚልኩት ዕቃ ላይ ከታወቁ የእንግሊዝ ስሞች ጋር የሚቀራረብ ስም ይጽፉ ነበር። ይህም ስም ከእነዚያ አንዱ ነው። ስለዚህ የላዩን ጽሑፍ አትመኑት። የፊቱን እንጨት አውልቁና ቱቦዎቹን ገልብጧቸው። እውነቱ የተመታው እዚያ ሥር፣ ጥይት ከሚገባበት ጫፍ አጠገብ ነው።

ማጉያዋን እዚያ ላይ ሳስጠጋ መጀመሪያ የታየኝ እንቁላል ቅርጽ ነው። ውስጡ ኢ፣ ኤል እና ጂ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት አሉ። ይህ በቤልጅግ አገር የሊየዥ ከተማ የጠብመንጃ ፍተሻ ቤት ማኅተም ነው። የፍተሻ ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. ከ1672 ጀምሮ ያለ ነው። ቱቦውን ከተለመደው በላይ ባሩድ አጉርሰው ይተኩሱበታል፤ ከቻለው ማኅተም ይመቱለታል። ከእንቁላሉ በላይ ደግሞ በባዶ ዓይን ጭረት የምትመስል ነገር ነበረች። በማጉያዋ ስትታይ ዘውድ ሆነች። ዘውዷ ቀላል ነገር አይደለችም። እንቁላሉ ላይ የተጨመረችው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። የሊየዥ ፍተሻ ቤት ዓመተ ምሕረቱን በፊደል ማመልከት የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ጥግ ጥጉን ብፈልግ የዓመት ፊደል የለም። እንግዲህ የአጎቴ ጠብመንጃ በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል የተፈተሸ ነው ማለት ነው። ለአንዲት ትንሽ መስታወት ይህ ትልቅ ሥራ ነው።

ስነግራቸው «ታዲያ ቤልጅግ ነው በይኛ!» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ቤልጅግ ነው።»

እኛ አገር ቤልጅግ የሚለው ስም የከበረ ነውና ከእንግሊዙ ይልቅ ደስ አላቸው።

ከምላጩ መከለያ ሥር ያለችውን ዘንግም ሁሉም «መቆለፊያ ናት» ይላት ነበር። እሷ የመክፈቻ እጀታ ናት። ወደ ጎን ስትገፋ ቱቦዎቹ ወደ ታች ታጥፈው ይከፈታሉ። ሄንሪ ጆንስ የተባለ የበርሚንግሃም ሰው እ.ኤ.አ. በ1859 የፈጠራ መብት ያወጣበት አሠራር ነው። ዛሬ የምናውቀው በአውራ ጣት የሚገፋው የላይ እጀታ ከመለመዱ በፊት ይህ የብዙዎች ምርጫ ነበር። ማጉያዋን ቱቦዎቹን ቆልፎ የሚይዘው መንጠቆ ላይ አድርጌ ስመለከት የጠርዙ መበላት ጥቂት ነው። በደንብ የተያዘ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የማጉያዋ መብራት ነጭና ኃይለኛ ነው፣ ከፊት ለፊት ይመጣል። የወርቅ ማኅተም ለሚያይ ይመቸው ይሆናል። ለተበላ ብረት ግን አይሆንም። ብርሃኑ ጉድጓዱንም ጠርዙንም እኩል ያነጣዋል፣ ጥላ አይተውም። ጥላ ከሌለ ደግሞ የደበዘዘ ፊደል አይነበብም። ስለዚህ መብራቷን አጠፋና የስልኬን መብራት ከጎን፣ ከብረቱ ጋር ጋደም አድርጌ እይዛለሁ። ያኔ ምንም የለበትም ያልኩት ቦታ ላይ ፊደል ብቅ ይላል። ለመብራቱ ብላችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

ሁለተኛው ቅሬታ ቁጥሩ ነው። ላይዋ ላይ 30 እጥፍ ታጎላለች ተብሎ ተጽፏል። አንድ ዓይኔን በማጉያዋ፣ ሌላውን በባዶው አድርጌ አንድ ማስመሪያ ላይ ሚሊሜትሮቹን ሳስተያይ ወደ 10 እጥፍ ናት። ደግነቱ ለዚህ ሥራ 10 ይበቃል፤ እንዲያውም ይሻላል። ከዚያ በላይ ሲሆን የምታዩት ቦታ ይጠባል፣ እጃችሁም ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ምልክቱ ይጠፋችኋል። ግን ያልሆነውን መጻፍ ምን ይሉታል?

ከሁሉ በላይ የወደድኳት ደማስቆ ቱቦ ላይ ነው። የድሮ ሠሪዎች የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎችን አብረው ይገምዱና በዘንግ ላይ ጠምጥመው በእሳት እየቀጠቀጡ ያያይዟቸዋል። ከዚያ አሲድ ሲነካው ሁለቱ ብረቶች የተለያየ ቀለም ይይዛሉና ጥምዝምዝ ጥለት ይወጣል። በሊየዥ አጠገብ ያለው የቬስድር ሸለቆ በዚህ ሥራ የታወቀ ነበር። ችግሩ፣ ተራ ብረት ላይ ጥለቱን ብቻ አስመስለው የሚያትሙም ነበሩ። ለመለየት እንደገና ወደ ሥር ነው የምትሄዱት፣ የፊት እንጨት ወደሚሸፍነው ቦታ። እውነተኛው ጥለት እዚያም ይቀጥላል፤ በማጉያ ስታዩት አንዱ መስመር ከሌላው ሥር ሲገባ ይታያል። የማስመሰያው ቆዳ ላይ ብቻ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከእንጨቱ ሥር ይቆማል። የአጎቴ እውነተኛ ነው። ከሥሩ ያለችውን አንዲት ጥምዝ እየተከተልኩ ብዙ ቆየሁ፤ የሰው እጅ እንዲህ ያለ ነገር በመዶሻ መሥራቱ ይደንቀኛል።

ውበቱ ግን እንዳያታልላችሁ። እንዲህ ያለው ቱቦ ለጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራ ነው። ቤልጅጎች በኋላ በመጣውና ግፊቱ ከፍ ባለው ጭስ አልባ ባሩድ የፈተሹትን በአንበሳና ከሥሩ በሚጻፉ ፒ እና ቪ ፊደላት ያመለክታሉ። የአጎቴ ጠብመንጃ ላይ አንበሳ የለም። ግድግዳ ላይ ይኖራል እንጂ አይተኮስበትም፤ እሳቸውም ተስማምተዋል።

የአንድ ወዳጃችን ደግሞ ጭራሽ የተለየ ነው። ቱቦው ወደ ታች አይታጠፍም። እንደ አጎቴ ጠብመንጃ ወደ ታች ለመክፈት ብትታገሉ ታበላሹታላችሁ። ከላይ ያለውን እጀታ ስታነሱ የኋላው ብረት በሙሉ እንደ መሳቢያ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ዳርን የተባለው ጠብመንጃ ሠሪ አሠራር ነው፤ በፈረንሳይዋ ሴንት ኤቲየን ከተማ የተወለደ። ማኅተሙም የዚያው ከተማ ስም ነው። እዚህ ላይ ማጉያዋ ብዙም አልረዳችኝም፤ ቅርጹ ራሱ ይናገራል።

የአዳማ ነፋስና አቧራ የታወቀ ነው። ማጉያዋ መታጠፊያ ላይ ክፍተት ስላላት አሸዋ ትይዛለች፣ መስታወቷም ቶሎ ይጫጫራል። ቦርሳ ውስጥ ስትገባ የመነጽር ጨርቅ ጠቅልሉባት። የመነጽር ጨርቅ ከሌላችሁ ያረጀ የጥጥ ነጠላ ቁራጭ ይሆናል። መስታወቷን በቀሚስ ጫፍ መጥረግ ግን ይቅር።

ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ትሁት ነው። «እህቴ፣ ሞክሪያት» ብሎ ደጅ ድረስ ወጥቶ በፀሐይ አሳየኝ። ብትሄዱ ሁለት ሦስቱን አስወጡና ማስመሪያ ላይ አስቀምጣችሁ እዩ። ጠርዝ ላይ መስመሩ የሚጎብጥባትን መልሱ፤ እኔ ከመረጥኳት በፊት የሰጠኝ እንዲህ ነበረች። ባትሪዋ ተራ የሰዓት ባትሪ ነው፣ እዚያው ይገኛል። በቴሌብር ይቀበላሉ።