ተማሪ ለማይሰለቻቸው ፕሪሴፕተሬ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ክሊኒክ ውስጥ ይዘው ያስተማሩኝን አንዲት የሕክምና ባለሙያ ለማመስገን ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ለምነውኛል። "ታካሚዎቼ ካወቁኝ ይበቃኛል" ነው ያሉኝ። ማንነታቸውንና ክሊኒካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ለዚያ ፈቅደውልኛል።

እኔ እዚህ አሜሪካ የፊዚሺያን አሲስታንት፣ ባጭሩ የፒኤ ተማሪ ነኝ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ "ታዲያ ነርስ ልትሆኚ ነው ወይስ ዶክተር?" ይለኛል። ሁለቱንም አይደለም። ፒኤ ታካሚ ይመረምራል፣ በሽታ ይለያል፣ መድኃኒት ያዛል፤ ከሐኪሞች ጋር በቡድን ይሠራል። ሙያው የተጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 በዱክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሐኪም ያጠረበት ጊዜ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችም በባህር ኃይል ሕክምና ውስጥ ያገለገሉ 4 ሰዎች ነበሩ።

ትምህርቱ ብዙ ቦታ 27 ወር ገደማ ይፈጃል። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሮቴሽን፣ ማለትም በየሕክምና ክፍሉ እየተዘዋወሩ መለማመድ፣ ይመጣል። የቤተሰብ ሕክምና፣ የውስጥ ደዌ፣ ድንገተኛ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሕፃናት፣ የሴቶች ጤና፣ የአእምሮ ጤና። በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ ቦታ፣ አዲስ ኮምፒውተር፣ አዲስ አለቃ። መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ሳትጠይቂ ማግኘት ስትጀምሪ ጊዜሽ ያልቃል።

በየቦታው ተማሪውን ይዞ የሚያስተምረው ባለሙያ ፕሪሴፕተር ይባላል። ሮቴሽን የሚወደደውም የሚጠላውም በእሱ ነው። አንድ ቦታ የደረሰኝ ፕሪሴፕተር ስሜን እንኳ ሳይዘው ተለያየን። ግድግዳ ተደግፌ እውላለሁ፣ ማታ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ብዙም አልፈርድበትም። ተማሪ ሥራ ያጓትታል፤ ብዙዎቹም ለማስተማራቸው ተጨማሪ ክፍያ የላቸውም። ግን እኚህ ሴትም ያው ጥድፊያ ነው ያለባቸው።

የሚሠሩት የቤተሰብ ሕክምና ክሊኒክ ውስጥ ነው። ራሳቸውም ፒኤ ናቸው። ገና ስንተዋወቅ ምን እንደምችል አልጠየቁኝም። "ምን ያስፈራሻል?" አሉኝ። የሕፃን ጆሮ ማየት አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ጆሮውን ያመመው ሕፃን ሁሉ ወደ እኔ ይላክ ጀመር።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ታካሚውን ያስፈቅዳሉ። "ተማሪ አብራኝ አለች፤ ካልፈለጉ ምንም ችግር የለም" ይላሉ፣ የምራቸውን። ከዚያ ብቻዬን ገብቼ፣ ጠይቄ፣ መርምሬ እወጣለሁ። ያየሁትን ባጭሩ እነግራቸዋለሁ። "ምን ይመስልሻል?" ይሉኛል። እርግጠኛ አለመሆን ይቻላል፤ አንድ መልስ ላይ ሳይቆሙ ማለፍ ግን አይቻልም። ቀጥለው "ለምን?" ነው። ከዚያ ደግሞ የምፈራው ይመጣል፦ "ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል? ካመለጠን ሰውየውን የሚጎዳው የትኛው ነው?" ሁሉም ነገር ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። እርማት ካለ በር ተዘግቶ ነው፤ ታካሚ ፊት አንድም ቀን አላሳፈሩኝም።

የደም ግፊት ነገር ላይ ቀልድ አያውቁም። ታካሚው 5 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ያርፋል። ጀርባው ይደገፋል፣ እግሩ ሳይጠላለፍ መሬት ይነካል፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ይሆናል፣ ወሬ የለም። መለኪያው ክንድ ላይ ከጠበበ ግፊቱ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይታያል። "መለኪያው ስለጠበበ ብቻ ሰው ክኒን ሲውጥ ይኑር?" ይሉኛል። ሌላ ቦታ ገና ኮቱን ሳያወልቅ የሚለካውን ሰው ሳይ አሁን ያመኛል።

ከሁሉ የማልረሳው የካልሲውን ጉዳይ ነው። እሳቸው ዘንድ የስኳር ታካሚ ካልሲውን ሳያወልቅ አይሸኝም። አንድ ሰውዬ መድኃኒት ለማሳደስ ብቻ መጣ። ቸኩሏል፣ "እግሬ ደህና ነው" አለ። ፕሪሴፕተሬ ጎንበስ ብለው እያወሩት ጫማውን ራሳቸው ፈቱለት። በጣቶቹ መካከል ቁስል ነበር። ሰውየው ፈጽሞ አላወቀም። ስኳር ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል፤ ቁስሉ ስለማያም ሰው ሳያየው ይብሳል። ከዚያ ሞኖፊላመንት የሚባለውን ቀጭን የናይለን ክር ሰጡኝ። የ10 ግራም ያህል ጫና ሲያርፍበት የሚታጠፍ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ እግሩን እየነካሁ "ሲሰማህ ንገረኝ" አልኩት። ብዙ ቦታ ላይ ምንም አላለም። ቁስሉ ታክሞ፣ የእግር ስፔሻሊስት ቀጠሮ ተይዞለት ሄደ። እኔም መጽሐፉ ላይ አስምሬበት ያለፍኩት ነገር ያኔ ገባኝ።

እንከን የላቸውም አልልም። ሰው አዳምጠው ስለማይጠግቡ ቀጠሯቸው ይዘገያል። ከሥራ ሰዓት ጠይቃችሁ ከሆነ የምትሄዱት የጠዋቱን የመጀመሪያ ቀጠሮ ያዙ። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ግን የስልካችሁን ቻርጀር አትርሱ።

የፒኤ ተማሪዎች፣ ፕሮግራማችሁ ቦታ እንድትጠቁሙ ከፈቀደላችሁ እሳቸውን ጠቁሙ። በጊዜ ጠይቁ፤ የሚይዙት በአንድ ጊዜ አንድ ተማሪ ብቻ ነው። የምስክር ወረቀት ፈተናችን 5 ሰዓት የሚፈጅ፣ 300 ጥያቄ ያለው ነው። ስዘጋጅ ምርጫዎቹን ከማየቴ በፊት "ካመለጠን የሚጎዳው የትኛው ነው?" እያልኩ ነው የማነበው።

ለራሳችሁ ወይም ለወላጆቻችሁ ቋሚ የሕክምና ባለሙያ ለምትፈልጉ ደግሞ፣ አዲስ ታካሚ እየተቀበሉ ነው። ስትደውሉ ኢንሹራንሳችሁን ይቀበሉ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የተገዛውን ቫይታሚን ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ በአንድ ያዩታል። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ቀጠሮ ስትይዙ ተናገሩ፤ ክሊኒኩ ያለ ክፍያ ያዘጋጃል። ስኳር ካለባችሁ ደግሞ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ አድርጉ።