‹ምን ያስተምሩናል?› ብላ ለጠየቀችው አስተባባሪያችን

ይህን የምጽፈው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በየቅዳሜው አረጋውያንንና ወጣቶችን ለምታገናኘው አስተባባሪያችን ምስጋና ለማቅረብ፣ እንደ እኔ ከከተማው ዳር አረጋዊ ወላጅ ይዛችሁ ለምትኖሩም ለመጠቆም ነው። ስሜን እንዳትጽፊ ብላኛለችና አልጽፈውም። የሰፈራችን ሰው ያውቃታል፤ ሌላው በምን መንገድ እንደሚያገኛት ወደ መጨረሻው እነግራለሁ።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ 41 ዓመት ኖራ፣ ቤቱ ሲፈርስ ወደ እኔ መጣች። የእኔ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ካዛንቺስ እያለች ቡና ለመጠራራት በር መክፈት ይበቃት ነበር። እዚህ ግን 54 ደረጃ ወርዳ (የቆጠረችው ራሷ ናት) ከማታውቀው ሰው በር ላይ መቆም ሊኖርባት ሆነ። እኔ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጥቼ የምመለሰው ከመሸ ነው፤ የታክሲ ሰልፋችንን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስገባ ቴሌቪዥኑ በርቶ፣ ድምፁ ጠፍቶ አገኛታለሁ። ‹ምን እያየሽ ነው?› ስላት፣ ‹ሰው› ትለኛለች።

ከዚያ በፊት ጠያቂ አልመጣልንም ማለት አይደለም። ለፋሲካ ዋዜማ አንድ ቡድን አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ ዘይትና ዱቄት ይዞልን መጥቶ ነበር። ዘይቱን አልጠላነውም። ነገር ግን እናቴን ጄሪካኑን እንዳቀፈች፣ ‹እማማ ትንሽ ፈገግ ይበሉ› እያሉ ሦስት ጊዜ ፎቶ አነሷት። ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈችኝ፤ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነበርኩና።

ስለዚህ አስተባባሪያችን በእድራችን በኩል መጥታ በራችንን ስታንኳኳ ፊቴ ብዙም አልፈታም። የሶሻል ወርክ ምሩቅ ናት፤ የእድሩ ኮሚቴ ከወርሃዊው መዋጮ ላይ ትንሽ አበል ይቆርጥላታል። ተቀምጣ ቡናዋን እስከ ሁለተኛው ጠጣች። ደብተሯን ስታወጣ ‹ምን ይጎድልዎታል?› ልትል ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ወደ እናቴ ዞር ብላ፣ ‹እማማ፣ ምን ያስተምሩናል?› አለቻት።

እናቴ ዝም አለች። ቆይታ፣ ‹እኔ ደግሞ ምን አውቄ› አለች። ልጅቱ አልተቻኮለችም። ዓይኗ ግን ቁም ሣጥኑ ላይ ካለው ሙዳይ ላይ አርፎ ነበር፤ ከክዳኑ ሥር የእንዝርት ጫፍ ወጥቷል።

የምንሰበሰበው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ የእድሩ ድንኳንና ብረት ድስት በሚቀመጥበት የጋራ መገልገያ ቤት ውስጥ ነው። ሽታው የሸራና የጭስ ነው፤ ሻይና ቆሎ አለ። እናቴ የደረሳት አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪና የአጎቱ ልጅ ናቸው። መጀመሪያ ቀን ተማሪው ሊፈትል የተሰጠውን ባዘቶ እንደ ጠላ ቤት ዱላ አጥብቆ ሲይዘው አየሁት። እናቴ ወስዳ አላልታ አመልማሎ አደረገችለት፣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሹራ ለቀቀችው፣ ክሩም ከጣቶቿ መካከል እንደ ወሬ ወጣ። እሱ ሲሞክር በጠሰው። ቀጠለችለት፣ ደግሞ በጠሰው። ‹አትጎትተው ልጄ› አለችው፣ ‹ጥጡ ራሱ ይስጥህ።› በአራተኛው ቅዳሜ አንድ ትንሽ ልቃቂት ሠራ፤ ከአንዱ ቦታ እንደ ጸጉር የቀጠነ፣ ከሌላው እንደ ጫማ ማሰሪያ የወፈረ። ሸማኔ እጁ ላይ አያደርሰውም። እናቴ ግን አልጣለችውም፣ ለጧፍ አደረገችው።

ከዚያ ተራው የስልክ ነው። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያኔ 27 ዓመቷ ነበር፤ ያስተማራት ደግሞ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ። ተማሪው የስልኳን ፊደላት አጉልቶ፣ ከባንክ የሚመጣውን መልእክት አንድ በአንድ ሲያስነብባት፣ ‹በልጅ ስማር ይህ ሁለተኛዬ ነው› አለችው። አሁን በቴሌብር ገንዘብ ስልክላት ራሷ አንብባ፣ ‹ካለፈው ወር 200 ብር ጎድሏል› ትለኛለች። ይህን ጥቅም ከምስጋናው ላይ ለመቀነስ አስቤ ነበር።

የአስተባባሪዋ ሙያ ደግሞ ያለው ዓይን በማይገባው ቦታ ነው። አንድ አረጋዊ የሚመደበው ከሁለት ወጣቶች ጋር ነው፣ ከአንድ ጋር አይደለም። አንዱ ቢቀር ሌላው ይኖራል፣ ማንም ልጅ ደግሞ ብቻውን ሰው ቤት አይገባም። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ወላጅ ይፈርማል። የምስጢር ቁጥር የሚያስገባው ባለ ስልኩ ብቻ ነው፤ ልጁ በዚያን ጊዜ ፊቱን ያዞራል። መጀመሪያ ላይ ይህን ሳይ ልጆቹን እንደ ሌባ ማየት መስሎኝ ቅር ብሎኝ ነበር። ተማሪው ግን፣ ‹እንዲህ ሲሆን እኔም አልፈራም› አለኝ። ነገሩ ለካ ለእሱም ጥበቃ ኖሯል።

በመጀመሪያው ስብሰባ የነገረችንንም አልረሳም። በ2006 እ.ኤ.አ. ዚምባብዌ ሐራሬ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ ከ14 አያቶች ጋር አንድ ሥራ ጀመሩ። አያቶቹ ሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የከፋውን ሰው ያዳምጣሉ፣ መፍትሔውንም አብረውት ይፈልጋሉ። የወዳጅነት አግዳሚ ይባላል። ድባቴ የሚለውን የሐኪም ቃል ትተው፣ በሾና ቋንቋ ‹ኩፉንጊሲሳ› ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት እንደ ማለት ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ ‹ታዲያ እኛስ ሌላ ምን እንላለን!› ብላ ቤቱን አሳቀችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ስመለስ ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን ካየሁ፣ ‹ሐሳብ አበዛሽ እንዴ?› እላታለሁ፤ እሷም እውነቱን ትነግረኛለች።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነው አልልም። የፈተና ሰሞን ወጣቶቹ ይጠፋሉ፣ አረጋውያኑም ‹ረሱን› ብለው ይቀየማሉ። በክረምት ጭቃው ግማሹን ሰው ቤት ያስቀራል። አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ጡረተኛ ጋሼ ስለ ልጆቹ የጸጉር አቆራረጥ ሙሉ ሰዓት ተናገሩ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹ ቀሩ። አስተባባሪዋ ሁለቱንም ወገን ለየብቻ አነጋገረች፤ ከዚያ በመካከላቸው ገበጣ አስቀመጠች። ጠጠር እየቆጠሩ መምከር አይቻልም። ጋሼ አሁንም ስለ ጸጉር ያነሳሉ፣ ሲሸነፉ ብቻ ነው።

እሷን ለምትፈልጉ ሁለት ነገር ልናገር። ጠዋሪ የሌለው ወይም አልጋ ላይ የዋለ ሰው ካላችሁ ይህ የእሷ ሥራ አይደለም፤ ለዚያ እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከሎች አሉ። የእሷ ሥራ ደረጃ መውረድ ለሚችል፣ መውረጃ ምክንያት ላጣ ሰው ነው። ደግሞም ሰዓት ላይ ጥብቅ ናት። ከ8 ሰዓት ከሩብ በኋላ የመጣ ወጣት የዕለቱን ብርጭቆ ያጥባል፤ የእኔም ልጅ አጥቧል።

በሌሎች የኮንዶሚኒየም መንደሮች ያላችሁ እንዲሁ መጀመር ካሰባችሁ፣ የእድራችሁን ሰብሳቢ ይዛችሁ አንድ ቅዳሜ ኑ። ለብቻው የሚመጣን ሰው ሻይ አጠጥታ ትመልሰዋለች፤ እድር ይዞ የመጣን ግን እንዴት እንደሚመዘገብና እንዴት እንደሚጣመር ቁጭ ብላ ታሳያለች። ቱሉ ዲምቱ ደርሳችሁ የቅዳሜ አያቶች የት ናቸው ብትሉ ሱቅ ያለው ሁሉ ይጠቁማችኋል። ጥጥ ይዛችሁ ለመምጣት ካሰባችሁ የተዳመጠ ይሁን። እናቴ ፍሬ ለመልቀም ጊዜ የለኝም ብላለች።