ጤና ጣቢያ ወይስ ቤት ውስጥ መመርመር?

ያለ ኮንዶም ወሲብ ፈጽመህ ጭንቀት ይዞሃል እንበል። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆነህ ሁለት መንገድ አለህ። ወይ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ ወይ ድድን ጠርጎ የሚሠራውን የኤችአይቪ መመርመሪያ ቤት ውስጥ መጠቀም።

የቤቱ ጥቅም ምስጢሩ ነው። ጎረቤት አያይህም። ግን ብቻህን ነህ። ቫይረሱ ሊኖርብህ እንደሚችል የሚጠቁመውን ሁለት መስመር ቢያሳይህ እንኳ በጤና ተቋም መረጋገጥ አለበት።

እኔ ጤና ጣቢያውን እመርጣለሁ፤ በተለይ 72 ሰዓት ካልሞላህ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ይቻላል። በቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይሻላል፣ ስለዚህ እስኪነጋ እንኳ አትጠብቅ፤ ሌሊት የሚሠራ ሆስፒታል ካለ ሂድ። ሰው ያየኛል ብለህ ከፈራህ ታክሲ ይዘህ ማንም ወደማያውቅህ ሰፈር ሂድ። ምንም ነውር የለውም።

መጠበቁን ግን ሁለቱም አያስቀሩልህም። የቤቱም ሆነ የተለመደው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ሰውነትህ ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ እስኪፈጠር ጊዜ ይወስዳል። በሁለተኛው ሳምንት «የለብህም» ቢልህ ገና ነው፤ 3 ወር ሲሞላ ድገመው። መድኃኒቱን ከወሰድክ የመጨረሻውን የምርመራ ቀን ባለሙያው ይንገርህ። እስከዚያው ኮንዶም አይለይህ፤ ደምም አትለግስ።